የእናቴን ሳምቡሳ ኮንሰርት በር ላይ ሸጥኩት

ይድረስ ለእትዬ፣

28 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ፋርማሲ ውስጥ በቴክኒሺያንነት እሠራለሁ። ፊሽ የሚባል የሮክ ባንድ አለ፤ እነሱን መከተል ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን 31 ኮንሰርት አይቻለሁ። በየማታው የተጫወቱትን በቅደም ተከተል ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ዘንድሮ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በአሮጌ ቫን የሰመሩን ቱር በሙሉ ልንከተል አስበናል። ስድስት ሳምንት፣ 22 ማታ። አለቃዬ «ከሁለት ሳምንት በላይ ፈቃድ የለም» ስላለኝ ሥራውን ልለቅ ነው። 4,200 ዶላር አጠራቅሜያለሁ።

ችግሬ እናቴ ናት። ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ የማታ ፈረቃ ትሠራለች። የኔ ሥራ ቀን ነው። የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እዚሁ አጠገባችን ሜሪዌዘር በሚባለው የኮንሰርት ቦታ ሲጫወቱ «ለሥራ ባልደረቦቼ ነው» ብዬ 60 ሳምቡሳ አስጠበስኳት። ፓርኪንጉ ላይ ሸጥኩትና የትኬቴን አወጣሁ። ቆይታ ፎቶውን ስልኬ ላይ አየችው። አልተቆጣችም። «ገብርኤልን እንኳ የምንሳለመው በወር አንዴ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ ትቆሚያለሽ?» ብቻ አለችኝ። ዘንድሮ የቱሩ መጨረሻ ፍልሰታ ላይ እንደሚውል ስትሰማ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ እየደወለች «ልጄ ሱስ ውስጥ ገብታለች» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ቢራ እንኳ አልጠጣም። ልሂድ ወይስ ልቅር? እሷንስ እንዴት ላስረዳት?

ተከታይዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከባንዱ በፊት ዓይኔ የገባው ሳምቡሳው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ላውንደሪ ቆማ ያደረች ሴት ቅዳሜ ተነስታ 60 ሳምቡሳ ጠቀለለች። ሽንኩርት ከትፋ፣ ሊጥ ዳምጣ፣ ጠርዙን በእርጥብ ጣቷ እያጣበቀች። ለልጇ ባልደረቦች መስሏት። ወደዚህ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ስለ ባንዱ ላውራ። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት ብዙዎቹ «አንድ ባንድ 31 ጊዜ ማየት ምን የሚሉት ነው?» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ እንደሆነ ይገባኛል።

ፊሽ በ1983 ቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ባንድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አራት ሰዎች ናቸው። ትሬይ አናስታሲዮ ጊታር፣ ማይክ ጎርደን ቤዝ፣ ጆን ፊሽማን ድራም፣ ትንሽ ቆይቶ የተቀላቀላቸው ፔጅ ማኮኔል ኪቦርድ ይጫወታሉ። ስም ያወጡት በሬዲዮ ሳይሆን በመድረክ ነው። የዛሬ ማታው ዝግጅት ነገ አይደገምም። አንዱን ዘፈን ዛሬ በአምስት ደቂቃ ይጨርሱታል። ሌላ ጊዜ ያንኑ ይጀምሩና ሃያ ደቂቃ ይዘውት ይጠፋሉ። በየት በኩል እንደሚወጡ ሲጀምሩ እነሱም አያውቁትም። በ2017 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ 13 ማታ ተጫወቱ። 237 ዘፈን ሆነ። አንዱንም አልደገሙም። ሦስት ማታ የሚሄድ ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ሰምቶ ነው የሚመለሰው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ያውቀዋል። ማሲንቆው ያው ነው፣ ዜማውም ያው ነው። ግጥሙን የሚወስነው ግን የዚያን ማታ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ቤቱ ይገለበጣል። ነገ ብትሄጂ ያ ግጥም የለም። በሳምንት ሦስቴ አዝማሪ ቤት የሚሄድን ሰው «አንዴ ሰምተኸው የለም ወይ?» የሚለው የለም። ለእናትሽ ከዚህ ብትጀምሪላት ይሻላል። ስለ ሮክ ስታስረጃት ብትውይ አይገባትም፤ ተቀበልን ግን ታውቀዋለች።

ባንድ መከተልም ባንቺ አልተጀመረም። በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ ግሬትፉል ዴድ የሚባል ባንድ ነበር። ዴድሄድ የሚባሉት ተከታዮቹ ከከተማ ከተማ አብረውት ይዞሩ ነበር። ኮንሰርት በር ላይ ምግብና ቲሸርት እየሸጡ ለሚቀጥለው ከተማ ቤንዚን ይሞላሉ። ኮንሰርቱን በካሴት ሲቀዱም ባንዱ አይከለክላቸውም። ለቀጂዎች ለብቻ ቦታ እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ካሴቱን እርስ በርስ ያለ ገንዘብ ይለዋወጡታል። ጊታሪስቱ ጄሪ ጋርሲያ በ1995 ሲሞት ባንዱ በዚያ ስም መጫወቱን አቆመ። ከተከታዮቹ ብዙዎቹም ፊታቸውን ወደ ፊሽ አዞሩ። ሳምቡሳሽን የሸጥሽበት የፓርኪንግ ገበያ ከዚያ የመጣ ነው።

ስለ ደብተርሽም አንድ ነገር ልበል። የትኛው ዘፈን በየትኛው ማታ ተጫወተ፣ ከምን ቀጥሎ መጣ ብሎ መመዝገብ እብደት አይደለም። ሞኪንግበርድ ፋውንዴሽን የሚባል የፊሽ አድናቂዎች ድርጅት አለ። ደሞዝተኛ የለውም፤ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንዳንቺ እየመዘገቡ ያጠራቀሙትን መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ከእሱም ከሌላም የሚያገኙትን ገንዘብ ለልጆች የሙዚቃ ትምህርት ይሰጣሉ። ደብተርሽን ለእናትሽ አሳያት። የልጇን የእጅ ጽሑፍ ታየዋለች።

ይህን ሁሉ የምልሽ ልደልልሽ አይደለም። እናትሽ የፈራችው ነገር አለ። ፓርኪንጉ ላይ በፊኛ ጋዝ ይሸጣል። ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ሲስቡት ያስቃል፣ ሰው ግን ራሱን ስቶ አስፋልት ላይ ይወድቃል፤ ያዘወተረው ደግሞ ነርቩ ይጎዳል። ከማይታወቅ እጅ የሚመጣ ክኒን ውስጥ ፈንታኒል የሚባል ገዳይ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ይህን ፋርማሲ ውስጥ የምትሠሪው አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለሽ አትከራከሪያት። አለ። አንቺ ግን የለሽበትም። የሚነገራት ይኸው ነው።

የትሬይን ታሪክም አትደብቂያት። ባንዱ በ2004 ተበተነ። በ2006 መጨረሻ ትሬይ ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ እየነዳ ሳለ በአደንዛዥ ዕፅ ተያዘ። ፍርድ ቤት እየተከታተለው የማገገሚያ ፕሮግራም ገባ፣ ጨረሰው፣ ከሱስም ወጣ። ባንዱ በመጋቢት 2009 ሃምፕተን፣ ቨርጂንያ ላይ ተመልሶ መድረክ ወጣ። ትሬይ አሁን ሉድሎ፣ ቨርሞንት ውስጥ ለሱሰኞች ማገገሚያ የሚሆን ማዕከል አቋቁሟል። በየኮንሰርቱም ፌሎሺፕ የሚባሉ፣ ከመጠጥም ከዕፅም የራቁ አድናቂዎች አሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል መሃል ባለው እረፍት ጠረጴዛቸው ጋ ይሰባሰባሉ። በቢጫ ፊኛ ታውቂያቸዋለሽ። ቢራ የማትጠጪ ልጅ ነሽና ሂጂ፣ አብረሻቸው ቁሚ፣ ፎቶ ተነሺ። ያን ፎቶ ስልክሽ ላይ ፈልጋ እስክታገኘው አትጠብቂ፤ ራስሽ ላኪላት።

አሁን ወደ ሳምቡሳው።

እኔ ያደግኩት ናዝሬት ነው። በ17 ዓመቴ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ኮንሰርት አዲስ አበባ ሄድኩ። ለእናቴ «ጓደኛዬ ቤት አድራለሁ» አልኳት። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ኮንሰርቱ ሲያልቅ አውቶቡስ ስለሌለ መናኸሪያ በር ላይ ተቀምጬ አነጋሁ። ነጭ ሸራ ጫማ ነበር ያደረግኩት። ጠዋት ቤት ስደርስ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ለብሷል። እናቴ ጫማውን አየችው። እኔን አላየችኝም። አወለቀችልኝ፣ በውሃና በኦሞ አጠበችው፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ አሰጣችው። ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ማታ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጫማው ደርቆ እንኳ ከደጃፉ አላነሳችውም። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየው ነበር። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ኮንሰርት መሄዴ አይደለም። እናቴ ያን ሌሊት ተኝታ አድራለች። እኔ መናኸሪያ በር ላይ ስንቀጠቀጥ እሷ ጓደኛዬ ቤት ብርድ ልብስ ውስጥ ያለሁ መስሏታል። አንድ ነገር ብሆን የት ትፈልገኝ ነበር?

ያንቺም እናት ፎቶውን አይታ አልተቆጣችም ብለሻል። እኔ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ።

ሰው ልጁ ለምን ከቤት እንደምትጠፋ ሳይነገረው ሲቀር የሚያውቀውን ስም ይሰጠዋል። እናትሽ የምታውቀው ስም «ሱስ» ነው። ሌላ ስም አልሰጠሻትም። ደብዳቤሽ ውስጥ ደግሞ አንቺ በአጭሩ ያለፍሽው፣ እኔ ግን ያሰመርኩበት አንድ ቦታ አለ፤ «የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።» እስቲ ቁጠሪው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በስድስት ሳምንት 12 ቀን። ስድስቱንም ሳምንት መንገድ ላይ ከሆንሽ 12ቱም ሄዱ። እሷ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው አንሶላ ስታጥፍ አድራ ቅዳሜ ቡና የምትጠጣው ካንቺ ጋር ነው። ስለ ገብርኤል የተናገረችውንም መልሰሽ ስሚው። የምትቆጥረው ቀኑን ነው። የባንዱን ስም እንኳ አልጠራችም።

ስለዚህ ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው፣ ሂጂ። ሙሉውን ግን አይደለም። ሥራሽንም አትልቀቂ።

ሥራው የደሞዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር የአብዛኛው ሠራተኛ ጤና ኢንሹራንስ የተንጠለጠለው ሥራው ላይ ነው። አራት ሰው ጭኖ በሌሊት የሚሄድ አሮጌ ቫን ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ አትገቢም። አንቺ እናት ብትሆኚ ልጅሽን ታስገቢያት ነበር? አለቃሽ ሁለት ሳምንት ሰጥቶሻል። ዓርብ ከሥራ ስትወጪ ተነስተሽ፣ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ሰኞ ሥራ ብትገቢ ሦስት ቅዳሜና እሑድ ይዘሻል። ከ22ቱ ማታ ዘጠኝ ወይ አሥር ሊደርስሽ ይችላል። ሦስቱ ቅዳሜና እሑድ ለእናትሽ ይቀራል።

«ያመለጠኝ ማታ ምርጡ ቢሆንስ?» እንደምትዪ ይገባኛል። ተከታይን ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ነው። በነሐሴ 2004 ኮቨንትሪ፣ ቨርሞንት የሆነውን ከቀደሙት ሰምተሽ ይሆናል። «የመጨረሻችን ነው» ብለው ነበር። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አደረገው፣ መኪና የሚቆምበት ጠፋ፣ ገና ያልደረሱት ተመለሱ ተባሉ። ሰዉ ግን መኪናውን አውራ ጎዳናው ዳር ጥሎ ድንኳኑን ተሸክሞ ብዙ ማይል በእግሩ ገባ። እኔ ያን ሳስብ ልቤ ይነካል። ነገር ግን የመጨረሻው አልነበረም። አምስት ዓመት ሳይሞላ ተመለሱ፣ ይኸው ዛሬም እየተጫወቱ ነው። ኮንሰርቱም ተቀድቶ ስለሚወጣ ያመለጠሽን ማታ ሥራ ስትሄጂ አውቶቡስ ውስጥ ትሰሚዋለሽ። እናትሽ ብቻዋን የጠጣችው ቡና ግን የትም አይቀዳም።

መንገዱን በተመለከተ ጥቂት ነገር። ኮንሰርት በወጣችሁበት ሌሊት ረጅም መንገድ አትንዱ። ስድስት ሰዓት ገደማ ላይ፣ ጆሮሽ እየጮኸ፣ የሰማሽው እያስፈነጠዘሽ ነቅቻለሁ ይመስልሻል። አልነቃሽም። እዚያው ተኙና ጠዋት ሂዱ። የጆሮ መድፈኛ ያዢ፤ አሥር ማታ ድምፅ ማጉያ ፊት መቆም ቀልድ አይደለም። ከ4,200 ዶላሩ 1,000ውን ለይተሽ አስቀምጪ። ቫኑ መሃል አገር ላይ ቢቆም አውሮፕላን ተሳፍረሽ ሰኞ ሥራሽ ላይ የምትገኚበት ነው። ትኬት ከበር አካባቢ ደላላ አትግዢ። አድናቂዎች ትርፍ ትኬታቸውን በገዙበት ዋጋ የሚሸጡበት ካሽ ኦር ትሬድ የሚባል አለ፤ እዚያ ፈልጊ። ፓርኪንግ ላይ ምግብ መሸጥ በየቦታው ደንቡ ይለያያል። ከመዘርጋትሽ በፊት ጠይቂ፣ ተነሺ ካሉሽ ተነሺ።

አሁን ለእናትሽ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ይሁን።

በሚመጣው ቅዳሜ ቡናውን አንቺ አፍዪው። ሣሩን ጎዝጉዢ፣ ዕጣኑን አጭሺ። መጀመሪያ የምትናገሪው ስለ ቱሩ አይደለም። «እማዬ፣ ሳምቡሳው ለባልደረቦቼ አልነበረም። ሸጥኩት። ዋሸሁሽ» በያት። «አንቺ አይገባሽም ብዬ ነው» የሚል ነገር እንዳትጨምሪበት። የተሸጠበትን ገንዘብ በፖስታ አድርገሽ አጠገቧ አስቀምጪ። አልቀበልም ትላለች፤ አንቺ አታንሺው። ከዚያ የበሉት ሰዎች ምን እንዳሉ ንገሪያት። 60 ሳምቡሳ የበላ ሰው አንድ ነገር ሳይል አልሄደም። «ማን ነው የሠራው?» ብለው የጠየቁሽ ይኖራሉ። ምን ብለሽ መለስሽ? «እናቴ ናት» ብለሽ ከሆነ ያንን ንገሪያት።

ቀጥሎ ወረቀት አውጪ። የትኛው ማታ የት ከተማ እንደምትሆኚ፣ የት እንደምታድሪ፣ ማን እንደሚነዳ፣ የሦስቱን ጓደኞችሽን ስምና ስልክ በአማርኛ ጻፊላት። ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። ቀን ተኝታ ማታ ፈረቃ ስለምትገባ፣ ከመግባቷ በፊት በምን ሰዓት እንደምትደውዪ ተነጋገሩ፤ በዚያች ሰዓት ደውዪ። የ28 ዓመት ሴት ነሽ፣ ፈቃድ ጠይቂ አላልኩሽም። ያለሽበትን ትወቅ ነው ያልኩት። ጓደኞችሽንም አንድ ቀን ቤት አምጪያቸው። እጃቸውን ታጥበው ከገበታዋ ከቆረሱ በኋላ «እነዚያ ሰዎች» መባላቸው ይቀራል።

የቀረልሽ ቅዳሜ ላይ ደግሞ ካውች ቱር የምትሉትን ከእሷ ጋር አድርጊው። ኮንሰርቱ በቀጥታ ሲተላለፍ ከፍለሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ክፈቺና ቡና አቅርቢ። ፊሽ ሁለት ክፍል ይጫወታሉ፣ ይሰናበታሉ፣ ከዚያ ለመጨረሻ ተመልሰው ይወጣሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። እናትሽ ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች ብዬ አምናለሁ። ሙዚቃውን ላትወደው ትችላለች። «ጫጫታ ነው» ብትል «ይሁን እማዬ» በያት። በቶናው መሃል እንቅልፍ ቢወስዳት ጋቢ አልብሻት፣ ድምፁን ቀንሺ። ሳምንቱን ሙሉ ሳትተኛ ነው የመጣችው።

ምናልባት፣ ዛሬ ባይሆን ሌላ ጊዜ፣ ሜሪዌዘር ሲመለሱ አብራሽ ትሄድ ይሆናል። ከቤታችሁ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ከኋላ ሣሩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ መቀመጥ ይቻላል፤ ጫናው እንደ ፊቱ አይደለም። አታስገድጃት፣ ጋብዣት ብቻ።

ስለ ፍልሰታው ደግሞ፣ እንደገና ሳምቡሳ ልትወስጂ ካሰብሽ ራስሽ ጠይቂያት፣ ለምን እንደሆነም ንገሪያት። የምስር ይሁን፤ እሷም ጾሟን ሳትገድፍ ትቀምሰዋለች፣ እዚያም ሥጋ የማይበላ ብዙ ሰው አለ። ሊጡን አንቺ ዳምጪ። እሷ ትጠቅልል።